የኦሊምፒክ ቦክስን የሚመርጥልን ማን ነው?

ጥያቄ፦ በፓሪስ ኦሊምፒክ ጊዜ እዚህ ሳቢያን፣ ከጓደኞቼ ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠን ቦክስ ብንጠብቅም ከፍጻሜው በስተቀር ይህ ነው የሚባል ግጥሚያ አላየንም። አንድ ምሽት ሁለተኛው ዙር ተጀምሮ ሳለ ስርጭቱ ወደ አትሌቲክስ ተዛወረ። የሦስተኛ ደረጃውንም ግጥሚያ በከንቱ ጠበቅን። የሚታየውን የሚወስነው ማን ነው? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እርስዎ ያላዩት ግጥሚያም ተቀርጿል። የውድድሮቹን ምስል የሚያዘጋጀው የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2001 ያቋቋመው ኦሊምፒክ ብሮድካስቲንግ ሰርቪስስ ሲሆን፣ የስርጭት መብት የገዙ ጣቢያዎች ከሚደርሳቸው ምስል ውስጥ ተመልካቻቸውን ይስባል ያሉትን ያስተላልፋሉ። መራጩ እንግዲህ ጣቢያው ነው።

ለጣቢያዎቹም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። በፓሪስ በ13 የክብደት ምድቦች የተመደበው ኮታ 248 ቦክሰኛ ነበር፤ የተሸነፈ ሁሉ ስለሚሰናበት፣ ከ13ቱ ባለ ወርቆች በቀር እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ሲሸነፍ ግጥሚያው ወደ 235 ይደርሳል። ሦስቱ የሦስት የሦስት ደቂቃ ዙሮች ከነእረፍታቸው 11 ደቂቃ ስለሚወስዱ፣ ወደ ሪንግ መግቢያውና የዳኞች ውሳኔ ሳይቆጠር እንኳ ድምሩ ከ40 ሰዓት ይበልጣል። ኢትዮጵያውያን በሚሮጡበት ምሽት 10 ሺህ ሜትርን ትቶ የቦክስ ማጣሪያ የሚያሳይ ጣቢያ ቢኖር ደግሞ ከተመልካች ቁጣ አያመልጥም ነበር። ያም ሆኖ የተጀመረ ግጥሚያን መሃል ላይ ማቋረጥ ምክንያት የለውም፤ የቀሩት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው፣ ሯጮቹም ገና ዙሮቹን እየቆጠሩ ነው።

የጠበቁት የሦስተኛ ደረጃ ግጥሚያ ግን በኦሊምፒክ ቦክስ ውስጥ የለም። በግማሽ ፍጻሜ የተሸነፉት ሁለቱም የነሐስ ሜዳሊያ ይሸለማሉ። በመሆኑም ሩብ ፍጻሜን ያሸነፈ ቦክሰኛ ቢያንስ ነሐስ በእጁ ገብቷል፤ የተሸነፈው ባዶ እጁን ይመለሳል። በእኛ አስተያየት ጣቢያዎች ከፍጻሜው ቀጥሎ ሊያሳዩት የሚገባው ይህንኑ ሩብ ፍጻሜ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በማጣሪያነት ተቆጥሮ ይታለፋል።

ቦክስ እ.ኤ.አ. በ2028 በሎስ አንጀለስም ስለሚካሄድ፣ ጣቢያዎ ፕሮግራሙን ሲያወጣ አስቀድመው የሩብ ፍጻሜውን ቀናት ይፈልጉ። የሰዓት ልዩነቱ 10 ነው፤ እዚያ ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀመር ግጥሚያ ድሬዳዋ ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይሆናል።