የድሮ ስፖርት መኪና ውበቱ ከየት ይመጣል? ጥያቄና መልስ

ያ ጀመዓ፣ መርሃባ! ስለ ድሮ ስፖርት መኪና ቅርጽ የመጣውን ጥያቄ ዛሬ በተራ በተራ እመልሳለሁ። ከአንድ በላይ ሰው የጠየቀውን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አንድ ነገር ላስቀድም፦ የመኪና ውበት በኋላ የሚለጠፍ ነገር አይደለም። ሞተሩ የት ይግባ፣ ሹፌሩ የት ይቀመጥ፣ ጎማው የት ይቁም ሲባል ያኔውኑ አብሮ ይወሰናል። መልሶቼ ሁሉ ከዚህ ነው የሚነሱት።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ጋሼ፣ ጃጓር ኢ-ታይፕን ያየ ሁሉ «አቤት ሲያምር!» ይላል። ምኑ እንደሚያምር ግን የሚነግረኝ አጣሁ። ውበቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ማስመሪያ ያዝና ከጎማው ጀምር። ከጎን የተነሳ ፎቶ ስልክህ ላይ አስፍተህ የጎማውን ቁመት ለካ፤ ከዚያ ወዲያ መለኪያህ እሱ ነው። የኢ-ታይፕ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል 2438 ሚ.ሜ. ነው። ጎማው 66 ሳ.ሜ. ገደማ ስለሆነ ርቀቱ ከሦስት ጎማ ተኩል ያልፋል። ከመሬት እስከ ጣሪያ ያለው ቁመት ግን 122 ሳ.ሜ. ገደማ ነው፤ ሁለት ጎማ እንኳ አይሞላም። አሁን ፒያሳ ቆመህ የሚያልፈውን ኮሮላ በዚሁ ዘዴ ለካው፦ ቁመቱ ሁለት ጎማ ከሲሶ አካባቢ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ቪትዝ ደግሞ ሁለት ተኩልን ያልፋል። ዓይን ይህን ሒሳብ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ቁመቱ ከሁለት ጎማ በታች የሆነ መኪና መሬት ላይ ያደባ፣ ሊነሳ የተዘጋጀ ይመስላል፤ ከሁለት ጎማ ሲበልጥ ግን ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይመስላል።

ሁለተኛው ከፊት ጎማ መሃል እስከ በሩ መጀመሪያ ያለው ርቀት ነው። የኢ-ታይፕ ሞተር ስድስት ሲሊንደሩ በአንድ መስመር የተደረደረ ረጅም ሞተር ነው፤ ከፊት ወደ ኋላ ተዘርግቶ ነው የገባው። ስለዚህ በሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ ሹፌሩ የኋላ ጎማው ላይ ሊቀመጥ ትንሽ ነው የቀረው። ኮሮላ ላይ ሞተሩ አግድም ስለገባ በሩ የፊት ጎማውን ሊነካ ደርሷል። ረጅም ኮፈን ብቻውን አያሳምርም፤ የፊት ጎማው ወደ ጫፍ ካልተጠጋ መኪናው አፍንጫው የከበደው ሆኖ ይቀራል።

ቅርጹን ያወጣው ማልኮም ሴየር ከአውሮፕላን ሥራ የመጣ ሰው ነው፤ ኩርባዎቹን በዓይን ግምት ሳይሆን በቀመር ነበር የሚያሰላቸው። መኪናው በ1961 ጄኔቫ ላይ ለሕዝብ ታየ፤ በ1996 ደግሞ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አንዱን ስብስቡ ውስጥ አስገባው። ነውርም አለበት፦ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ስፋቱ 166 ሳ.ሜ. ሆኖ ሳለ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው 127 ብቻ ነው። ከኋላ ስታየው ጠባብ ጫማ የተጫማ ትልቅ ሰው ይመስላል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ የዛሬ መኪና በሩ ላይ ብቻ ሦስት አራት መስመር አለው። የድሮዎቹ ልሙጥ ናቸው፣ ግን ዓይን አይጠግባቸውም። ለምን?

መልስ፦ አምባሰልን አስብ። ቅኝቱ አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ አንጀት የሚበላው በድምፁ ብዛት ሳይሆን ከአንዱ ወደ ሌላው በሚሄድበት አካሄድ ነው። ልሙጥ ቆርቆሮም እንዲሁ ነው፤ የምታየው ቆርቆሮውን ሳይሆን ላዩ ላይ የሚሄደውን ብርሃን ነው። ማታ አንድ ረጅም ነጭ አምፖል ያለበት ጋራዥ ግባ፤ መኪናው አጠገብ ቁምና የአምፖሉን ነጸብራቅ ፓራፋንጎው (ጎማውን የሚሸፍነው ቆርቆሮ) ላይ እያየህ ቀስ ብለህ ተራመድ። ነጸብራቁ ሳይሰበርና ሳይንቀጠቀጥ ከፊት ፓራፋንጎ ተነስቶ በበሩ አልፎ ኋላ ድረስ ከፈሰሰ ያ ቅርጽ የታሰበበት ነው። በሩ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ዘለል ካለ አልቆለታል።

ፍጹም ጠፍጣፋ የሆነ ቆርቆሮ ለዓይን የሰረጎደ ይመስላል። ስለዚህ ጠፍጣፋ የሚመስለን የድሮ በር ሁሉ በጥቂቱ ወደ ውጭ የተነፋ ነው። የዛሬው ሹል መስመር ሥራ አለው፤ ስስ ቆርቆሮን ያጠነክራል፣ የላዩን ጉድለትም ይሸፍናል። ልሙጡ ግን የሚደበቅበት የለውም፤ የሚከብደው ለዚያ ነው።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ የመርሴዲስ 300 ኤስኤል በሩ እንደ ክንፍ ወደ ላይ የሚከፈተው ለማማር ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ሌላ መውጫ ስላልነበረው ነው። ሻንሲው (የመኪናው አጽም) በቀጫጭን ቱቦ የተሠራ ሲሆን ጥንካሬ እንዲያገኝ ቱቦዎቹ በጎን በኩል ከፍ ብለው እንዲያልፉ ተደረገ። ተራ በር ቢገጠምለት የታችኛው ግማሽ የሚከፈትበት ቦታ የለም። ስለዚህ ማጠፊያው ጣሪያው ላይ ወጣ፤ ለመግባት እንዲመች መሪው ራሱ እንዲታጠፍ ተደረገ። ኮፈኑ ዝቅ እንዲል ሞተሩን 50 ዲግሪ አጋደሙት። ኮፈኑ ላይ ካሉት ሁለት ጉብታዎች ሞተሩ የሚፈልገው አንዱን ብቻ ነው፤ ሌላው ለሚዛን የተጨመረ ነው። በ1954 ሲወጣ ሰው ሁሉ የተገረመበት በር እንግዲህ የቱቦ መዘዝ ነው። ዋጋም አስከፍሏል፦ የበሩ መስታወት ስለማይወርድ ጋቢናው በሙቀት ያፍናል።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ አንዳንዶቹ ኋላቸው በመጋዝ የተቆረጠ ይመስላል። ምንድን ነው?

መልስ፦ ለንፋስ የሚመቸው እየቀጠነ የሚያልቅ ረጅም ጅራት ነው፤ ግን ይከብዳል፣ መንገድም አይበቃውም። ጀርመናዊው ቩኒባልድ ካም በ1930ዎቹ ያጠናው፣ ጅራቱ መቅጠን ከጀመረ በኋላ ቀጥ አድርገህ ብትቆርጠውም ጥቅሙ ብዙ እንደማይጠፋ ነው። የ1962 ፌራሪ 250 ጂቲኦ የተቆረጠ ኋላ ከዚህ የመጣ ነው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ ተማሪ)፦ ራሴ መሳል፣ ከተቻለም በጭቃ መሥራት እፈልጋለሁ። የሸክላ ጭቃ ይሆናል? ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አብሽሪ፣ ውድ ዕቃ አያስፈልግሽም። ኤ3 ወረቀት አግድም አድርጊና የመሬቱን መስመር ሳቢ። ቁመታቸው 5.5 ሳ.ሜ. የሆነ ሁለት ክብ አስቀምጪ፤ ከመሃል እስከ መሃል 20 ሳ.ሜ. ይሁን። የጣሪያውን ጫፍ ከመሬት 10 ሳ.ሜ. ላይ ምልክት አድርጊ። መጀመሪያ ጎማ፣ ቀጥሎ የሹፌሩ ራስ የሚያርፍበት ቦታ፣ ከዚያ የፊት መስታወቱ፣ የአካሉ መስመር መጨረሻ ነው። ብዙ ጀማሪ ከፊት መብራቱ ይጀምርና ጎማው ቦታ ያጣበታል። አንዱን ጎማ በግማሽ ሳንቲ ሜትር እያንቀሳቀስሽ አራት አምስት ጊዜ ሳዪው፤ መኪናው ሌላ ሲሆን ታይዋለሽ።

የሸክላ ጭቃ ይሆናል፣ ጠባዩን ማወቅ ግን አለብሽ። ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ውስጡ ለመያዣ የሚገባ እንጨት ግን አይኮማተርም፣ ስለዚህ ይሰነጠቃል። ውስጡን በፎም ወይም በተጠቀጠቀ ጋዜጣ ሙይው፤ የጭቃው ውፍረት ከ2 እስከ 3 ሳ.ሜ. ይሁን። ሥራ ስታቆሚ በረጠበ ጨርቅ ሸፍነሽ ላዩን በፌስታል እሰሪው። የመኪና ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ጭቃ ውኃ የለበትም፤ ሰምና ዘይት ያለበት ስለሆነ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ አይሰነጠቅም። ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን የአንዱን ጎን ቅርጽ በካርቶን ቁረጪና ገልብጠሽ በሌላው ጎን አስጠጊው። በካርቶኑና በጭቃው መካከል ብርሃን የሚገባበት ቦታ ሁሉ ጭቃው የጎደለበት ነው።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ባትላሜ ወይም የመኪና ቆርቆሮ አቃኝ)፦ የድሮ ቮልስ እያደስኩ ነው። ስቱኮ (የቆርቆሮ ጉድለት መሙያ) ጨርሼ ቀለም ስቀባው ፓራፋንጎው እንደ ውኃ ይሞገዳል። ጥፋቱ የት ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እጅህ ላይ ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን በጣትህ ከያዝከው ጣትህ ለስላሳውን ቦታ ተከትሎ ይሰርጉዳል። 40 ሳ.ሜ. የሚሆን ጣውላ ላይ ለጥፈው፤ ለኩርባው የሚለመጥ ስስ ጣውላ ተጠቀም። ቀጥ አድርገህ አትፈግፍግ፤ አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ከቀኝ ወደ ግራ በሰያፍ ሂድ። በ80 ቁጥር ጀምር፣ ወደ 180፣ ከዚያ ወደ 320። በየመካከሉ ጥቁር ቀለም በስሱ ንፋበትና እንደገና ፈግፍግ፤ ጥቁሩ ያልለቀቀበት ቦታ ጎድጓዳ ነው።

ስቱኮው ከ3 ሚ.ሜ. መብለጥ የለበትም። ከዚያ ካለፈ ቆርቆሮው ገና አልተቃናም ማለት ነው፣ ወደ መዶሻው ተመለስ። ማድረቂያው ከክብደቱ 2 በመቶ ገደማ ይበቃዋል። በደሴ ብርድ ቶሎ አልደርቅ ሲል ሰው ማድረቂያ ይጨምርበታል፤ ትርፉ ቀዳዳና በቀለሙ ላይ የሚወጣ ነጠብጣብ ነው። ይልቅ ቆርቆሮውን በመብራት አሙቀው። ስቱኮ በውኃ አይፈገፈግም፤ ውኃ ይጠጣና ከወራት በኋላ ቀለሙን ያስነሳዋል። ከጦሳ ተራራ ጉም በወረደበት ቀን ደግሞ ቀለም አትንፋ፤ ቲነሩ ሲተን ቆርቆሮውን ያቀዘቅዘዋል፣ እርጥበቱ ላዩ ላይ ያርፍና ቀለሙ ይነጣል።

የቮልሱን ቅርጽ ተውለት። የመጀመሪያዎቹ ፖርሸ 356 መኪናዎች ከቮልስ ክፍሎች ነው የተነሱት፤ ካርማን ጊያ የተባለው ስፖርት መኪናም በ1955 በቮልስ ሻንሲ ላይ ተሠራ። ዘሩ ጥሩ ነው፣ ላዩ ላይ ፕላስቲክ አትለጥፍበት።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ ቅርጽን የሚያጎላ ቀለም የትኛው ነው?

መልስ፦ ብርማ። ብርሃንና ጥላውን ለይቶ ያሳያል። ጥቁር ያምራል፣ ግን ትንሿን ጉድለት ያጋልጣል፤ ነጭ ኩርባውን ይውጠዋል። ቀይ የጣልያን የውድድር ቀለም ስለነበረ ነው ከፌራሪ ጋር የተጣበቀው፤ የእንግሊዝ አረንጓዴ፣ የፈረንሳይ ሰማያዊ ነበር።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ኮሮላዬ ዝቅ እንዲል ሞላውን ላስቆርጥ ነው። ይሁን?

መልስ፦ ተው! ስድስት የሚሠራ ጥምዝ ያለው ሞላ አንዱ ሲቆረጥ 20 በመቶ ይደርቃል። ጎማው አየር ላይ ሲንጠለጠል ደግሞ አጭሩ ሞላ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል፤ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ይህ ከውበት ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የግድ ካልክ ለመኪናው የተሠራ አጭር ሞላ ግዛ፣ ከ3 ሳ.ሜ. በላይ አታውርደው፣ የጎማውን አቋም አስለካ፤ አለዚያ የጎማው የውስጥ ጠርዝ ይበላል። ካልሆነ ሞላውን ትተህ ቸርኬው ላይ አተኩር፦ የጎማው ውጫዊ ፊት ከፓራፋንጎው ጠርዝ አንድ ሳ.ሜ. ያህል ብቻ ወደ ውስጥ ሲገባ መኪናው ሳይወርድም ደልደል ይላል።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ ታዲያ ዛሬ ለምን እንደዚያ አይሠሩም?

መልስ፦ ሕጉ ተለውጧል፣ በበጎ ምክንያት ነው። እግረኛ ሲገጭ ጭንቅላቱ ከሞተሩ ጋር እንዳይላተም በኮፈኑና በሞተሩ መካከል ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ኮፈኑ ከፍ አለ። መኪናው ሲገለበጥ ጣሪያው እንዳይደፈጠጥ ምሰሶው ወፈረ። ሕጉ የተሠራ መኪና ላይ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ኤምጂቢ የተባለውን የእንግሊዝ ስፖርት መኪና እይ፦ በ1974 ለአሜሪካ ገበያ ሲባል ከላስቲክ የተሠራ ትልቅ ጥቁር ፓራውልት (የግጭት መከላከያ) ገባበት፣ ከመሬትም ከፍ ተደረገ። አካሉ ያው ነው፣ አቋሙ ግን ጠፋ።

ጥያቄ (ከከሚሴ)፦ አንዱን ብቻ ምረጥ ቢባሉስ?

መልስ፦ ላምቦርጊኒ ሚውራ። በ1966 ጄኔቫ ላይ ሲቀርብ ቅርጹን ለጣልያኑ የመኪና ቅርጽ ድርጅት ለቤርቶኔ የሠራው ማርቼሎ ጋንዲኒ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር። 12 ሲሊንደሩ ከሹፌሩ ጀርባ አግድም ስለገባ ቁመቱ 105 ሳ.ሜ. ገደማ ሆነ፤ ከሁለት ጎማ በብዙ ያንሳል። የፊት መብራቱን ቀረብ ብለህ እየው። ሲጠፋ ወደ ላይ እያየ ኮፈኑ ላይ ጋደም ይላል፣ ዙሪያውን እንደ ሽፋሽፍት ጥቁር ዘንግ አለው፤ ሲበራ ብድግ ይላል። መብራቱ የተወሰደው ፊያት 850 ስፓይደር ከሚባል ርካሽ መኪና ነው። እንከኑን ግን አልደብቅም፦ የነዳጅ ታንኩ ፊት ላይ ስለሆነ ቤንዚኑ እየጎደለ ሲሄድ አፍንጫው ይቀላል፤ በከፍተኛ ፍጥነት ደግሞ ያ የሚያምረው ዝቅ ያለ አፍንጫ ንፋስ እየገባበት ይነሳል፣ መሪውም እጅ ላይ ባዶ ይሆናል።