በርች ለጅማ ቤት ወለል ይሆናል?

አንዲት የጅማ አንባቢ የጠየቁኝ ይህን ነው፦ «አዌቱ ወንዝ አካባቢ ባለ አንድ ፎቅ ቤት እየጨረስን ነው። ለምድር ቤቱ ሳሎንና ለላይኞቹ መኝታ ክፍሎች ከውጭ የመጣ የበርች ጣውላ አግኝተናል። ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 12 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ድፍን እንጨት ነው ብለውናል። ልጆች አሉን፣ እንግዳም አይጠፋም። ይጠነክራል? ወይስ ዋንዛ ይሻለናል? የምድር ቤቱ ኮንክሪት የተሞላው ሰኔ ላይ ነው፤ ለገና መግባት እንፈልጋለን።»

እህቴ፣ ጥንካሬው አያሳስብዎት። የወለል እንጨት የሚፈተነው ትንሽ የብረት ኳስ እስከ ግማሿ እንጨቱ ውስጥ ለማስገባት ስንት ኪሎ ጫና እንደሚፈልግ በመለካት ነው። የሎው በርች የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ዓይነት 570 ኪሎ ገደማ ይፈልጋል፤ በወለል የታወቀው ቀይ ኦክ ደግሞ 585 ያህል ነው። ልዩነቱን እግርዎ አያውቀውም። ፔፐር በርች የሚባለው ግን 410 አካባቢ ስለሆነ የወንበር እግር ቶሎ ይጎደጉደዋል። ሻጩን «በርች ነው ወይ?» ብለው ብቻ አይለፉ፤ የትኛው በርች እንደሆነ ያስነግሩት።

እኔን የሚያሳስበኝ እርጥበቱ ነው። በርች የቀዝቃዛ አገር ዛፍ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ደርቆ ሲወጣ በውስጡ የሚቀረው ውሃ 8 በመቶ ገደማ ነው። ጅማ ደግሞ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም የሚዘልቅበት አገር ነው። የቤት ውስጥ አየር 75 በመቶ እርጥበት ይዞ ከሰነበተ፣ እንጨት ቀስ በቀስ ውሃ ጠጥቶ ወደ 14 በመቶ ይጠጋል። በርች በዚህ መካከል ብዙ ከሚያብጡት እንጨቶች ወገን ነው። በተለመደው አሰነጣጠቅ የወጣ የእርስዎ ባለ 12 ሴንቲ ሜትር ጣውላ በስፋቱ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ይጨምራል። አንዱን ሲያዩት ኢምንት ነው። አራት ሜትር በሚሰፋ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ሲደረደር ግን ድምሩ 8 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ከግድግዳው ዳር የምንተወው 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይህን አይችለውም። ኮላው ከያዘው ጣውላው ጠርዙን ሽቅብ አንሥቶ መሐሉ ይሰረጉዳል፤ ካልያዘው ከነአካቴው ተነሥቶ ይቆማል። በበጋ ሲደርቅ ደግሞ በየመጋጠሚያው ይከፈታል። «ጠባብ ጣውላ ልግዛ» ቢሉ፣ በየመጋጠሚያው የሚታየው ክፍተት ያንሳል እንጂ የክፍሉ ድምር ያው ነው።

ስለዚህ ድፍኑን በርች ይመልሱት። በርችን ከወደዱት (መውደድዎ አይገርመኝም፤ ክሬም የመሰለው ንጣቱ ጨለም ያለ ክፍልን ያበራል) ከላይ በርች፣ ከሥር እንደ ኮምፔርሳቶ ተሻግሮ የተጣበቀ ስስ እንጨት ያለውን ድርብርብ ጣውላ ይፈልጉ። አንዱ ድርብ ሊያብጥ ሲል ተሻግሮ የተጣበቀው ስለሚይዘው በስፋቱ ብዙ አይንቀሳቀስም።

ሲገዙ የጣውላውን ጫፍ ወደ ብርሃን አዙረው ይመልከቱ። ከላይ ያለው የእንጨት መስመር ጫፉ ላይም ታጥፎ የሚቀጥል ከሆነ እውነተኛ እንጨት ነው። ከዚያ የላይኛውን ድርብ በማስመሪያ ይለኩት። 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከዓመታት በኋላ ተፍቆ እንደገና ቫርኒሽ ይቀባል። እንደ ወረቀት የሳሳ ከሆነ አንዴ ከተጫረ ማዳኛ የለውም። ጫፉ ቡናማ የተጠቀጠቀ ዱቄት መስሎ ከታየና ፊቱ ላይ ያለው ጉጥ በሌላው ጣውላ ላይም ቁርጥ ያንኑ ሆኖ ከተደገመ፣ የበርች ሥዕል የታተመበት ላሚኔት ነው። ላሚኔት መግዛት ነውር የለውም፤ በእንጨት ዋጋ መግዛት ነው ጥፋቱ።

ይህንንም ቢሆን የማነጥፈው ፎቅ ላይ ብቻ ነው። ምድር ቤቱ ከሥሩ አፈር አለው፤ ወንዙም ቅርብ ነው፤ በርች ደግሞ ብስባሴንም ምስጥንም የመቋቋም አቅም የለውም። ካላመኑኝ አንድ ሜዳ ላስቲክ፣ ወርዱም ቁመቱም 50 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ኮንክሪቱ ላይ ዘርግተው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉትና በማግሥቱ ያንሡት። ከሥሩ ጤዛ ከያዘ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ውሃው ገና እየወጣ ነው። ደረቅ ሆኖ ቢገኝም የዛሬን እንጂ የመጪውን ክረምት አይነግርዎትም። ሳሎኑን ሴራሚክ ያድርጉት። ቡና የሚፈላውም ሳሎን ነው፤ ከከሰል ምድጃ የምትዘል አንዲት ፍም ቫርኒሹን አልፋ እንጨቱን ታቃጥላለች፤ በዓል ሲመጣ የሚጎዘጎዘው እርጥብ ቄጠማ ደግሞ ካደረበት ነጭ እንጨት ላይ ነጥብ ነጥብ ጥሎ ይሄዳል።

ስለ ዋንዛ፦ ዋንዛ ከበርች ይለሰልሳል፤ የጫማ ተረከዝ ምልክት ይተውበታል። ግን ከደረቀ በኋላ ብዙ አይጣመምም፣ ቀዩን ልቡን ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም፣ የጅማ አናጢም ጠባዩን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ቡናማ ወለል ከሆነ የልብዎ ፍላጎት፣ በርችን አጥቁረው ዋንዛ ለማስመሰል አይሞክሩ፤ በርች ጥቁር ቀለም እኩል አይጠጣም፣ ቡራቡሬ ይሆናል። በቀጥታ ዋንዛውን ይግዙ። ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ደርቋል ወይ፣ የመጣበትስ ወረቀት አለው ወይ? በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በስም ጠቅሶ ከልክሎ ነበርና፣ ከየት እንደተቆረጠ ማወቁ የእርስዎም ጉዳይ ነው።

የላይኞቹን ክፍሎች ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ላይ ያስነጥፉ፤ ዝናቡ አልፏል፣ የታኅሣሥና የጥር ድርቀት ገና አልበረታም። ልስንና የግድግዳ ቀለም ከዚያ በፊት ያልቁ፤ ሁለቱም ብዙ ውሃ ወደ አየሩ ይለቃሉ። ንጣቱ እንዲቆይልዎት በውሃ የሚቀጥነውን ቫርኒሽ ይምረጡ፤ የዘይቱ እያደር ቢጫ ይሆናል። የምታጸዳዋን ልጅ ውሃ ደፍታ እንዳትወለውል አስቀድመው ይንገሯት፤ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃል። ለአናጢው ደግሞ ይህን አደራ ይበሉልኝ፦ ከግድግዳው ዳር 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው፣ ክፍተቱን በኮላም በሲሚንቶም አይድፈነው፣ የዞኮሎው (የግድግዳውን ግርጌ ዙሪያውን የሚይዘው ጠርዝ) ሚስማር ግድግዳውን እንጂ ወለሉን አይንካ።