ቴስታታውን ከመፍታታችሁ በፊት

ይድረስ በየጋራዡ መፍቻ ለጨበጣችሁ ወጣቶች፤

የራዲያተር ውሃ የሚያጎድል አሮጌ የጭነት መኪና ጋራዥ ሲገባ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው ፍርድ «ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን የሆነው የሞተሩ ራስ) ሄዷል» የሚለው ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ግን ቴስታታው ወርዶ፣ ፊቱ ተስተካክሎ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መሐል የሚገባ ማሸጊያ) ከገባለት በኋላም ውሃው እንደ ድሮው የሚጎድልበት ጊዜ አለ፤ ሲወጣ የነበረው ከሌላ ቦታ ነዋ። ስለዚህ ውሃው የት እንደሚሄድ በዓይናችሁ ሳታዩ ወይም በመሣሪያ ሳታረጋግጡ አንድም የቴስታታ ብሎን አትፍቱ።

ሥራው በጥያቄ ይጀምራል። ሾፌሩን ብቻ ሳይሆን ረዳቱንም ጠይቁ፤ ጀሪካኑን የሚሸከመው እሱ ነው። በስንት ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ይጨምራል? የሚጎድለው ሜዳ ላይ ነው ወይስ ዳገት ላይ? ቆሞ ሲያድርስ? ከአባይ በረሃ ወደ ጎሃ ጽዮን ጭነት ይዞ ሲወጣ ብቻ የሚጎድል ውሃና ቆሞ ባደረ መኪና ሥር የሚገኝ ውሃ ምንጫቸው ለየቅል ነው። ትንሽ ጠብታም አትናቁ። በሰከንድ አንድ ጠብታ በ24 ሰዓት ከ4 ሊትር በላይ ይሆናል።

ቀጥሎ የራዲያተሩ ክዳን። እዚህ ላይ ረጋ በሉ፣ ምክንያቱም በእኛ አገር ከፍታ ክዳን ከሌላው ቦታ የበለጠ ሥራ አለበት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በብዙ አሮጌ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ያለው ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር መንገድ የሚከፍትለት) ደግሞ 82 ላይ መከፈት ጀምሮ 95 ገደማ ላይ ነው ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው። አያችሁ፤ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ፣ ምንም ያልተበላሸ ሞተር መሥራት ባለበት ሙቀት ላይ ሆኖ ውሃውን አፍልቶ በትርፍ መውጫው ይተፋዋል። 0.9 የተጻፈበት ደህና ክዳን ግን መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ የክዳኑን ጎማ እዩ፤ ተሰንጥቋል ወይስ ደርቋል? ስፕሪንጉ ይመለሳል? መሐሉ ላይ ያለችው ትንሿ ቫልቭ ከተጣበቀች ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃ ከመጠባበቂያው ጋን አይመለስም፣ ጠዋት የላይኛው የራዲያተር ጎማ ተጣብቆና ተጠፍጥፎ ታገኙታላችሁ። ክዳን ስትቀይሩ ቁጥሩ ከፋብሪካው ጋር አንድ ይሁን። ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ክዳን «ይጠነክራል» ብላችሁ ብትገጥሙ አሮጌውን ራዲያተር ትቀድዱታላችሁ።

ትኩስ ክዳን አትክፈቱ። የላይኛውን ጎማ በእጅ ጨምቃችሁ ግፊት እስኪያጣ ጠብቁ።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ሞተሩን እጠቡና አድርቁ። በዘይትና በአቧራ የተለበጠ ብሎክ ላይ ምንም አይታይም። ውሃውን ሞልታችሁ ደረጃውን በኖራ ምልክት አድርጉ፣ መኪናው ይደር፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ በባትሪ መብራት ፈልጉ። ጠዋት የምለው በምክንያት ነው። ብረትና ጎማ ሲቀዘቅዙ ስለሚኮማተሩ ብዙ መጋጠሚያ የሚያፈሰው ያኔ ነው። ሲሞቅ ደግሞ ወይ ይዘጋል፣ ወይ የወጣው ውሃ ብረቱ ላይ ተኖ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም የዝገት ዱካ ብቻ ይተዋል። ያን ዱካ ተከተሉ፣ ግን ሁልጊዜ ወደ ላይ፤ የማራገቢያው ነፋስ ስለሚረጨው ጠብታው የሚወድቅበትና የሚወጣበት ቦታ አንድ አይደለም።

የእጅ ግፊት መሞከሪያ ካላችሁ በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ገጥማችሁ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ቁጥር ብቻ ንፉ፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ። የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር በቀጥታ አታገናኙ፤ የዚያ ግፊት ራዲያተሩን ያፈነዳዋል። መርፌው ከወረደ ጎማዎቹን ከሥር በኩል ዳብሱ፣ በተለይ ማሰሪያው ያረፈበትን ጠርዝ። የራዲያተሩ ጋንና ቀፎ የተገናኙበትን መስመር እዩ። የውሃ ፓምፑ ሆድ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ የምታንጠባጥብ ከሆነ የውስጡ ሲል አልቋል ማለት ነው። ቀዳዳዋን በማስቲሽ የሚደፍን አለ፤ ይህ ውሃውን ወደ ኩሽኔታው (ዘንጉ ወደሚሽከረከርበት ማረፊያ) መላክ ነው። ቺንጋውን (ፓምፑን የሚያዞረውን ቀበቶ) አውልቃችሁ ዘንጉን ነቅንቁ፣ ጨዋታ ካለው ፓምፑ ይቀየር። ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሮ ከነበረ ግን አዲሱም አይቆይም።

ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት የብሎክ ድፍኖችን ነው፤ በብሎኩ ጎን የተመቱትን ክብ ቆርቆሮዎች። ለዓመታት ተራ ውሃ የጠጣ ሞተር ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳሉ። አንዱ ከሞተሪኖ (ከሞተር ማስነሻው) ጀርባ ይሸሸጋል፣ ሌላው ከጭስ ማውጫው ሥር። ከብሎኩ ኋላ ያለው ደግሞ ውሃውን በፍሪሲዮን ቤት በኩል ያወርዳል። እዚያ ሥር እርጥበት ስታዩ በጣታችሁ ንኩት፤ ዘይት ከሆነ የኋላ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ)፣ ውሃ ከሆነ ድፍኑ ነው።

መርፌው ወርዶ ውጭ ምንም ካልታየ ወደ ውስጥ እንገባለን፣ ግን አሁንም ወደ ቴስታታ አትሩጡ። የአየር ፍሬን ባለው መኪና ላይ ኮምፕረሰሩ በሞተሩ ውሃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ የራሱ ጓርኒሲዮን ሲቃጠል አየር ወደ ራዲያተር ይነፋል። አረፋው ከቴስታታ ጥፋት ጋር አንድ ይመስላል። ጎማዎቹን በታኮ አስይዙ፣ ከኮምፕረሰሩ የሚወጣውን የአየር ቱቦ ፈትታችሁ ሞተሩን አስነሱ። አረፋው ከቆመ ጥፋተኛው ኮምፕረሰሩ ነው። የአየር ጋኑን ስታፈሱ ከወትሮው የበዛ ውሃ መውጣቱም ሌላ ምስክር ነው። የዘይት ማቀዝቀዣውም እንዲሁ ያሳስታል። ሞተሩ ሲሠራ የዘይት ግፊት ከውሃው ይበልጣል፣ ስለዚህ ማቀዝቀዣው ሲቀደድ መጀመሪያ ዘይት ራዲያተር ውስጥ ይታያል፤ ውሃ ወደ ዘይት የሚገባው ሞተሩ ከቆመ በኋላ ነው።

የቴስታታውን ጓርኒሲዮን የምትከሱት እንዲህ ስታዩ ነው፦ ሞተሩ በርዶ አድሮ ተነስቶ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ጎማ ከጠነከረ፣ ወይም መሞከሪያው ላይ ያለው መርፌ ወዲያው እየዘለለ ከወጣ። ውሃው ገና ስላልሞቀ ያ ግፊት ከሙቀት ሊመጣ አይችልም፣ ከሲሊንደር ነው የመጣው። የሲሊንደር ጭስ ራዲያተር ውስጥ መግባቱን በቀለም የሚፈትነው ፈሳሽ በናፍጣ ሞተር ላይ በስራ ፈት ዙር ጥፋቱን ሊያልፈው ይችላል፤ ቀለሙ አልተለወጠም ብላችሁ ነፃ አታውጡት። ጠዋት ሞተሪኖው አንዴ መትቶ ድርቅ ካለ ደግሞ ደግማችሁ አትምቱ። ሲሊንደር ላይ ውሃ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፣ ውሃ ደግሞ ስለማይታመቅ ቢየላ (ፒስተኑን የሚገፋ ዘንግ) ያጎብጣል። ኢንጀክተሮቹን አውልቃችሁ አሽከርክሩትና ይውጣ።

ዘይት ውስጥ ውሃ መኖሩን ለማወቅ መኪናው ካደረ በኋላ የዘይቱን ማፍሰሻ ብሎን ቀስ ብላችሁ አላሉ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ቀድሞ ይወጣል። የዘይት መሙያው ክዳን ላይ የታየ ነጭ ቅባት ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ አጭር መንገድ የሚሠራ መኪና ላይ ጤዛም ያመጣዋል። ውሃ ከወጣና ሞተሩ እርጥብ ላይነር (ውጪው ውሃ የሚነካው የሲሊንደር ቱቦ) ያለው ከሆነ ኦይል ፓኑን (የሞተሩን የዘይት ገንዳ) አውርዱ፣ ሥሩ ንጹሕ ካርቶን አንጥፉ፣ ውሃውን በግፊት ሞልታችሁ አሳድሩት። ጠብታው ከየትኛው ሲሊንደር እንደወረደ ካርቶኑ ይነግራችኋል። ላይነሩን ስታወጡ የጎማ ቀለበቶቹን ብቻ ቀይራችሁ አትመልሱት፤ ውጪውን በብርሃን እዩ። መከላከያ በሌለው ውሃ ውስጥ የላይነሩ ንዝረት የሚፈጥረው አረፋ እየፈነዳ ብረቱን እንደ መርፌ ይወጋዋል። አይሱዙ ኤን ፒ አር ላይ ላይነሩ ደረቅ ስለሆነ ይህን ፍለጋ ዝለሉት፣ ከዘይት ማቀዝቀዣውና ከቴስታታው ጋር ተነጋገሩ።

እንቁላል፣ በርበሬ ወይም የማሸጊያ ዱቄት ራዲያተር ውስጥ የሚጨምሩ ሾፌሮችን ምከሩ። ቀዳዳውን ከመዝጋቱ ይልቅ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይዘጋል፣ ከዚያ መኪናው ሳያፈስም ይሞቃል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ደህናውን ቴስታታ ይሰነጥቃል።

ጥገናው ሲያልቅ በንጹሕ ውሃና በኩላንት፣ እኩል በእኩል ሙሉ። «እኛ ጋ በረዶ የለም» አይባልም፤ ኩላንቱ የሚፈለገው ለዝገት መከላከያውም ነው፣ ደብረ ብርሃን የሚያድር መኪና ደግሞ ውርጩንም ያገኘዋል። የጉድጓድ ውሃ ኖራ ስለሚያስቀር ተዉት። በዝግታ ሙሉ፣ የካቢናው ማሞቂያ ቧንቧ ክፍት ይሁን፣ አየሩ እስኪወጣ ሞተሩ በክፍት ክዳን ይሥራ። ከዚያ የግፊት ፈተናውን ድገሙ። መኪናው ጭነት ይዞ አንድ ጉዞ ሄዶ ሲመለስ ጠዋት በብርዱ ደረጃውን እዩና የጨመራችሁትን ሊትርና ኪሎ ሜትሩን በር ኪስ ውስጥ በምትተዉት ደብተር ላይ ጻፉለት።