የላም ፍግና የናይትሮጂን ደንብ በኔዘርላንድ

«ኔዘርላንድ ለብዙ ዓመታት የፍግ ደንብ ስታወጣ ኖራ የናይትሮጂን ብክለቷ ለምን አልተፈታም?» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን፣ እዚያ በወተት እርሻ ላይ ስሠራ ካየሁት ተነስቼ ልመልስ። ደንብ አይሠራም በሚለው አልስማማም፤ የሠራ ደንብም ያልሠራ ደንብም አለ።

ብክለቱ የሚጀምረው ከበረቱ ወለል ነው። በላሟ ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ ከእበቱ ጋር ሲቀላቀል ናይትሮጂን ወዳለበት ጋዝ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያው በአየር ሄዶ በተጠበቁ የተፈጥሮ ቦታዎች ላይ ሲያርፍ አፈሩን አሲዳማ ያደርጋል፣ ድሃ አፈር የለመዱትን ዕፅዋትም ሣር ይውጣቸዋል።

ፈሳሽ ፍግን በመሬት ላይ መርጨት ከ1990ዎቹ ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለተከለከለ፣ እኛም በሣሩ መካከል ጠባብ ቦይ በሚቀድ ማሽን እናስገባው ነበር፤ በብርዱ ወራት ደግሞ ከበረቱ ሥር ባለው ጉድጓድ ይጠራቀማል። በእነዚህና መሰል ደንቦች የአገሪቱ የአሞኒያ ልቀት ከ1990 ወዲህ ከግማሽ በላይ ቀንሷል።

ያልሠራው በ2015 የተጀመረው የናይትሮጂን ፕሮግራም ነው። ወደፊት ይመጣል የተባለውን የልቀት ቅናሽ አስቀድሞ ለአዲስ ፈቃድ ያከፋፍል ስለነበር፣ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ግንቦት 2019 ውድቅ አደረገው። ልቀት ይቀንሳሉ ተብለው ፈቃድ ያገኙ የበረት ወለሎችም ብዙዎቹ በተግባር ሲለኩ የተባለውን ያህል አልቀነሱም።

እንደ እኔ እምነት ደንቡ ሊይዝ የሚገባው ወደ እርሻው የሚገባውንና የሚወጣውን ናይትሮጂን ነው። ከወተት ፋብሪካው በሚላክልን የምርመራ ውጤት ላይ የወተቱ ዩሪያ ይጻፋል፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ላሞቹ ከሚያስፈልጋቸው በላይ ናይትሮጂን ያለበት ፕሮቲን በልተዋል ማለት ስለሆነ፣ አሠሪዬ የአኩሪ አተሩን ቀንሶ የበቆሎ ገፈራ (ታምቆ የተብላላ መኖ) ይጨምር ነበር። እንዲህ ያለው ቁጥጥር ማሽን አያስገዛም፣ የመኖ ወጪም ይቆጥባል። በ1998 የተጀመረው ሚናስ የተባለው ሥርዓትም ይህንኑ ሒሳብ ያስመዘግብና ትርፍ ናይትሮጂን ያለበትን ገበሬ ያስከፍል ነበር። የአውሮፓ ፍርድ ቤት ግን በ2003 ውኃን ከእርሻ ናይትሬት የሚጠብቀውን የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ አያሟላም ስላለ፣ ከ2006 ጀምሮ በሄክታር ጣሪያ ተተካ፤ የፍግ ናይትሮጂን መደበኛ ጣሪያ በሄክታር 170 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ብዙ ሣር ላላቸው እርሻዎች እስከ 250 ይፈቀድ ነበር። የሒሳቡ ሥርዓት ተሻሽሎ ከጣሪያው ጎን ባለመቆየቱ እስካሁን ይቆጨኛል።

በ2023 የተከፈተው፣ ገበሬው በመንግሥት ካሳ የከብት እርባታውን በፈቃዱ የሚዘጋበት ፕሮግራም፣ ጥብቅ ቦታ አጠገብ ላሉት በረቶች ይጠቅማል፤ በቀሩት እርሻዎች ላሞቹ የሚበሉትን ግን አይለውጥም።