ጠመኔው የቆመበት ቦታ

ውድ ልጆቼ፣

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሳስተምር 31 ዓመት ሆነኝ፤ ጡረታ ልወጣ የቀሩኝ ጥቂት ወራት ናቸው። ከመሰናበቴ በፊት ልነግራችሁ የምፈልገውን ነገር ያየሁት ባለፈው ዓመት በ11ኛ ክፍል ነው።

አንዲት ጎበዝ ተማሪ የቤት ሥራዋን አሳየችኝ። በተዳፋት ላይ የሚንሸራተት ዕቃ ፍጥንጥነት ስንት ነው የሚል ጥያቄ ነበር። መልሱ ትክክል፣ የኃይሎቹም ሥዕል ንጹሕ ነው። ማዕዘኑን ከ30 ወደ 37 ዲግሪ ቀይሬ ሰሌዳ ላይ እንድትሠራው ጠመኔ ሰጠኋት። ተዳፋቱን ሳለች፣ ክብደቱን ወደ ታች አመለከተች፤ ከዚያ ጠመኔው ቆመ። "ከቴሌግራም ቡድናችን ነው የገለበጥኩት" አለችኝ። እውነቱን በመናገሯ አከበርኳት። መገልበጥማ በእኛም ጊዜ ነበር። ያስደነገጠኝ የሚቀጥለው መልሷ ነው። "ራስሽ ስንት ደቂቃ ሞከርሽው?" ስላት "ሁለት" አለች።

ልጆቼ፣ ከባድ ጥያቄ በሁለት ደቂቃ አይከፈትም። አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴም ግማሽ ሰዓት ያስጨንቃል። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ነው የተማራችሁትን ከአእምሯችሁ ጓዳ የምታወጡት፤ በተሳሳተ መንገድ ሄዳችሁ የምትመለሱት። ትምህርት የሚባለው ይኸው ነው። ቲክቶክ ላይ ግን ያልጣማችሁን ቪዲዮ በሦስት ሰከንድ በአውራ ጣታችሁ ታሳልፉታላችሁ። በቀን መቶ ጊዜ ትቶ መሄድን የለመደ ጣት ደብተር ፊት ሲቀመጥ ምን ያደርጋል? ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ሲወራ የሚባክነው ሰዓት ብቻ ይነሳል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይህ ልማድ ነው።

ስልካችሁን ጣሉት አልልም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመ መጽሐፍ ያልደረሳችሁ ብዙዎች መጽሐፋችሁን ያነበባችሁት በስልክ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ በሆኑ ጊዜም ጥፋቱን ሁሉ በስልክ ላይ የጫኑትን አልተቀበልኩም። የመምህርና የመጽሐፍ እጥረት፣ ኮሮና፣ ጦርነት ነበሩ። የእኛም የመምህራኑ ድርሻ አለበት። ነገር ግን ፈተናው ከዚያ ዓመት ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲሰጥ ስልክ ይዞ መግባት ተከልክሏል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከጥያቄው ጋር ብቻችሁን ናችሁ። ሁለት ደቂቃ ብቻ መታገልን የለመደ ልጅ የቀረውን ሰዓት በምን ይገፋዋል?

የሌሊቱም ነገር ያሳዝነኛል። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ስለሆነ እስከ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ታመሻላችሁ፤ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ዓይናችሁ ተገልጦ እናንተ ግን የላችሁም። ያን ጊዜ የማስተምረው ለወንበሮቹ ነው።

የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። በቀን አንድ ጥያቄ ምረጡ፤ ስልኩን ለእናታችሁ ስጡ ወይም ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ዘግታችሁ ጠረጴዛው ላይ መተው አይበቃም፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ስልካቸው ሌላ ክፍል የተቀመጠ ሰዎች ጠረጴዛቸው ላይ ካስቀመጡት የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ታገሉ። ባይወጣላችሁም ሙከራችሁን አትሰርዙት፤ ለመምህራችሁ አሳዩት።

ያቺም ልጅ ይህንኑ ነግሬያት ሄደች። በሦስተኛው ቀን ሁለት ገጽ ሙሉ ሙከራ ይዛ መጣች። መልሱ ትክክል አልነበረም። አፌን ሳልከፍት ግን ጣቷን ከሦስተኛው መስመር ላይ አሳርፋ "እዚህ ጋ ሳይኑንና ኮሳይኑን አቀያይሬዋለሁ" አለችኝ።