አሮጌውን የቀበሌ አዳራሽ ማደስ፦ የምትጠይቁትን አምጡ

ጭቃ ሹም፦ እንደምን ዋላችሁ። በቃሌ መሠረት እስከ ማታ እዚህ ነኝ። ለማታውቁኝ፣ አናጢ ነኝ። ደቡብ ወሎ ውስጥ ሦስት የገጠር አዳራሾችን ከሰፈር ሰው ጋር በደቦ አድሰናል። ሁለቱ ዛሬም ሰው ይሰበሰብባቸዋል፤ የሦስተኛውን ጉድ ስትደርሱበት እነግራችኋለሁ። የላካችኋቸውን ፎቶዎች አይቻለሁ። አብዛኞቹ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም የተሠሩ፣ ቀጥሎ መሠረተ ትምህርት የተሰጠባቸው፣ አሁን ፍየል ዝናብ የሚጠለልባቸው የጭቃ ቤቶች። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። ጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ አትለጥፉ። አትለጥፉ።

የደላንታው፦ ጋሼ ሰላም። የእኛ ግድግዳ ከታች ክንድ ያህል ተቀርፎ ማገሩ ይታያል። ጣሪያውም ትንሽ ያፈሳል። ወጣቶቹ ለጥምቀት ግድግዳውን እንመርገው እያሉ ነው። ይሁን?

ጭቃ ሹም፦ አይሁን። ትንሽ የሚያፈስ ጣሪያ የሚባል ነገር የለም። ግድግዳ ከታች የሚቀረፈው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ ሲፈናጠቅበት፣ ሁለተኛው ከቤቱ ሥር የተኛው ውሃ ወደ ላይ ሲሳብ። ሁለቱን ሳትዘጉ ብትመርጉ ለከርሞ ሐምሌ ያንኑ ጥያቄ ይዘህ ትመጣለህ። መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ውጡና ሚስማሩን እዩ። ድሮ የመቱት ሰዎች ብዙ ጊዜ የቆርቆሮውን ጎድጓዳ ነው የመቱት፤ ውሃው የሚሄደውም በዚያው ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዷ ቀዳዳ ቧንቧ ሆና ታገለግላለች። ሚስማር የሚመታው ጉብታው ላይ ነው፣ ከነላስቲኩ። የዛገውን ቀይሩ። ስትገዙ የቆርቆሮ ቁጥር በጨመረ መጠን እንደሚሳሳ አትርሱ። 35 ወረቀት ነው። አቅም ካለ 28 ግዙ። ቆርቆሮው ከግድግዳው ውጭ ቢያንስ 60 ሳንቲም ይውጣ። ከዚያ ከዳገቱ በኩል የሚመጣውን ውሃ ዞሮ የሚያሻግር ቦይ ቆፍሩ። ከዚያ ግድግዳው ሥር እስከ ጉልበት ድንጋይ ይደርደር። ጭቃ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለጥምቀት አይደርስም። ድንኳን ትከሉ።

ከቨርጂንያ፦ እኛ እዚህ ያለን የአካባቢው ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተናል። ለዘለቄታው እንዲሆን ግድግዳው በሲሚንቶ ቢለሰንስ? ወጪው ችግር አይደለም።

ጭቃ ሹም፦ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ግን ከላይ የጻፍኩትን አላነበብከውም። የጭቃና የእንጨት ቤት ክረምት ሲረጥብ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ ከሱ ጋር አያብጥም፣ አይሰበሰብም። ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ የገባው ግን ቶሎ አይወጣም። ከውጭ ሲያዩት ያማረ ቤት ነው፣ ውስጥ ውስጡን ቋሚው ይበሰብሳል። ገንዘባችሁን ለ28 ቁጥር ቆርቆሮ፣ ለአሸንዳና ለድንጋይ ማመላለሻ አውሉት። ግድግዳው ነጭ ይሁን ካላችሁ ኖራ አለ። ኖራ ግድግዳውን አያፍነውም።

ግንበኛው፦ ይቅርታ፣ ይሄ ማስፈራራት ነው። የወንፊት ሽቦ ተወጥሮ ከተለሰነ ሲሚንቶ ይይዛል። እኔ የሠራሁት ስምንት ዓመቱ ነው።

ጭቃ ሹም፦ መያዙን መች ካድኩ። ከሥሩ ያለውን እንጨት ከፍተህ አይተኸዋል?

ግንበኛው፦ ለምን ብዬ እከፍተዋለሁ፣ ቆሞ እያየሁት!

ጭቃ ሹም፦ ይኸው።

የመርሳው፦ አንዱ ጭቃ ይሸጣል፣ አንዱ ሲሚንቶ። እኛ መሀል ላይ ቀረን።

ጭቃ ሹም፦ ጭቃ የሚሸጥ አይቼ አላውቅም። ቀጥሉ።

የደላንታው፦ እሺ ጋሼ፣ ጭቃው ራሱ እንዴት ነው የሚቦካው? የእኛ ሁልጊዜ ይሰነጠቃል።

ጭቃ ሹም፦ አሁን ጠየቅከኝ። አፈሩ ምንድን ነው? ዋልካ ከሆነ ተወው፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ቀይ አፈር ፈልጉ፣ ሩቅም ቢሆን። ለመሞከር ከጭቃው እንቁላል የሚያህል ድቡልቡል አድርገህ ጥላ ውስጥ አድርቀው። ከተሰነጠቀ ጭድ ወይም አሸዋ ይፈልጋል። በጣት ሲነኩት ከፈረሰ ደግሞ አሸዋ በዝቶበታል፣ አፈር ጨምር። ጭድ የጤፍ ነው። የስንዴና የገብስ ወፍራም ስለሆነ ለመጀመሪያው ምርጊት ቢሆን እንጂ ለልስን አይመችም። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ጠዋት አቡክቶ ከሰዓት ይመርጋል። ጭቃ እንደ ጤፍ ሊጥ ነው፣ ካልቦካ አይሆንም። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ጭዱን ከአፈሩ ጋር እያነባበራችሁ ውሃ አጠጡት። በየሁለት ሦስት ቀኑ በእግር ይረገጥ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ይሸታል። ሲሸት ደስ ይበላችሁ፣ ጭዱ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው፤ ያኔ ነው ጭቃው እንደ ሙጫ የሚለጠፈው። የመጀመሪያው ምርጊት ደንበኛ አድርጎ ሳይደርቅ ሁለተኛው አይጨመርበትም። ሁለተኛው ላይ እበት ቀላቅሉ። ቸኩላችሁ በፀሐይ ቀትር አትለስኑ። እኔ አንድ ዓመት ግድግዳውን በሙሉ በቀትር አስለስኜ ሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አግኝቻለሁ፣ ሰው ሁሉ ስቆብኛል።

የአፋፍ ልጅ፦ ምስጥስ? ቋሚዎቹን በልቷቸዋል።

ጭቃ ሹም፦ ባህር ዛፍ ነው አይደል? ምስጥ ባህር ዛፍ ይወዳል። የጥድ ልብ፣ ማለትም የግንዱን መሀል፣ ግን ብዙም አይነካም፤ የአያቶቻችን ቤት የቆየው ለዚህ ነው። ዛሬ ጥድ ቁረጡ አልልም፣ ያለችውም አልቃለች። ካረጀ ቤት የሚወጣ የጥድ ምሰሶ ካገኛችሁ ግን በማገዶ ዋጋ እንዳይሄድ። ካልተገኘ የባህር ዛፉን እግር አፈር ውስጥ አትቅበሩት፣ ድንጋይ ላይ አቁሙት። የተቃጠለ ዘይት የሚቀባ አለ፣ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ከሆነ ተዉት።

ተሻገር፦ ሶላር ስንት ዋት ይበቃል?

ጭቃ ሹም፦ ሙያዬ አይደለም።

ተሻገር፦ ወጣቶቹ ዲሽ አስገብተን ኳስ እናሳይ ይላሉ። መግቢያ እየተከፈለ አዳራሹ ራሱን ይችላል።

ጭቃ ሹም፦ ይህም ሙያዬ አይደለም።

የመርሳው፦ እኛ ጋ ተሞክሯል። ቅዳሜና እሁድ የእንግሊዝ ኳስ ነው፣ ሽማግሌ አይገባም። ለቅሶ ሲመጣ የእድሩን ዕቃ ለማውጣት ጨዋታው እስኪያልቅ መጠበቅ ሆነ።

ተሻገር፦ ሽማግሌዎቹ ሲይዙት ደግሞ በዓመት አራት ጊዜ ነበር የሚከፈተው። ሰው የማይገባበት ቤት ቶሎ ይፈርሳል።

የመርሳው፦ ኳስ ያላዩ አባቶቻችን አዳራሹን ሠሩት እኮ።

ተሻገር፦ ሠርተው ለፍየል ሰጡት።

ጭቃ ሹም፦ ሁለታችሁም ለየብቻችሁ ተጻጻፉ። ሌላ ጥያቄ።

ከጂዳ፦ ሰላም፣ አዳራሽ ለማደስ ምን ያስፈልጋል?

ጭቃ ሹም፦ የትኛው አዳራሽ? ጣሪያው ምንድን ነው? ግድግዳው? መሬቱ ተዳፋት ነው ሜዳ? እህቴ ወይም ወንድሜ፣ ሐኪም ቤት ገብቶ "ምን ያመኛል" እንደማለት ነው። ፎቶ ላክና እንነጋገር።

የአፋፍ ልጅ፦ የይዞታ ወረቀት የለንም። ችግር አለው?

ጭቃ ሹም፦ አለው። ሦስተኛው አዳራሽ የነገርኳችሁ ይሄ ነው። ጣሪያውን ቀየርን፣ መረግን፣ ወለሉን ለቀለቅን፣ ግድግዳውን ተከትሎ ዙሪያውን መደብ ሠራን፣ መቶ ሰው ያስቀምጣል። በሁለተኛው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት መጥቶ "ለጊዜው" ብሎ ማዳበሪያ አስገባበት። ማዳበሪያ እርጥበት ይስባል፤ ወለሉን በላው፣ ግድግዳውን ከውስጥ አራሰው። ለጊዜው የተባለው እስካሁን አላለቀም። ስለዚህ አንድ ቆርቆሮ ሳትገዙ ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፣ ለምን አገልግሎት እንደሚውል በጽሑፍ ይሁን፣ በማኅተም። የሕጉን ዝርዝር ሕግ የሚያውቅ ጠይቁ።

የደላንታው፦ ደቦ ስንጠራ መጀመሪያ ቀን ስልሳ ሰው ይመጣል፣ በሦስተኛው ቀን ስድስት። ለምን ይሆን?

ጭቃ ሹም፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔንም አንገብግቦኛል። ወንፈል ላይ ዛሬ ያንተን እሠራለሁ፣ ነገ የእኔን ትሠራለህ፤ ማንም አይቀርም። ደቦ ላይ ደግሞ ጠሪው ጠላውን ጠምቆ፣ ንፍሮውን ቀቅሎ ይጠብቃል። የአዳራሽ ደቦ ጠሪ የለውም። የሁሉም ቤት ስለሆነ የሚያበላ የለም፣ የቀረውን የሚታዘብ የለም። እኛ ጎጥ በጎጥ አደረግነው። በየቀኑ አንድ ጎጥ ባለቤት ነው፣ ያበላል፣ ያስተናግዳል። የላይኛው ጎጥ ሽሮ ካቀረበ የታችኛው እንዳይዋረድ ድንች ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ሰው አልጎደለም። ቀኑን ስትመርጡም ቄሱንና ኢማሙን አንድ ላይ ጠይቁ። 12፣ 21፣ 27 እያላችሁ ስትቆጥሩ፣ አርብንም ስትጨምሩ፣ የሚተርፈው ቀን ትንሽ ነው። ጥር ደግሞ ሠርግ ነው። ጣሪያ ላይ ለሚወጣ ሰው ጠላ አይሰጥም፣ ሲወርድ ይጠጣ።

እማማ ዘንድ ያለሁት፦ አንድ ነገር ልጠይቅ። ጭቃ ይቡካ፣ ይረገጥ፣ ውሃ ይጠጣ አልክ። ውሃውን የሚቀዳው ማን ነው?

ጭቃ ሹም፦ ሴቶቹ ያግዛሉ።

እማማ ዘንድ ያለሁት፦ ስንት ጄሪካን?

ጭቃ ሹም፦ አልቆጠርኩትም።

እማማ ዘንድ ያለሁት፦ ስላልተሸከምከው ነው። የእኛ ምንጭ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ነው። ባለፈው ሁለት ሳምንት ለጭቃው ስንቀዳ ቆይተን የአዳራሹ ኮሚቴ ሲመረጥ አንዲት ሴት አልገባችበትም። ምግቡም የእኛ ነው። ለዚህ ነው በሦስተኛው ቀን የቀረነው፣ ጎጥ ምናምን አይደለም።

ግንበኛው፦ ይሄን እንኳ መለሰችልህ።

ጭቃ ሹም፦ ልክ ነሽ። ዘለልኩት። አስቤበት ልመለስ።

(ከግማሽ ሰዓት በኋላ)

ጭቃ ሹም፦ እንዲህ ብናደርገውስ። ጣሪያው 10 በ6 ቢሆን 60 ካሬ ነው። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ 60 ሊትር ይሰጣል። 20 ሚሊሜትር የዘነበ ቀን ከሺህ ሊትር በላይ ነው፣ የሚባክነውም ተቀንሶ። ስለዚህ ዘንድሮ በጋ ጣሪያና አሸንዳ ብቻ ይሠራ፣ የቨርጂንያዎቹ አንድ ትልቅ ሮቶ ይግዙ፣ ክረምት ይሙላ፣ ጭቃው ለከርሞ በጋ ይሁን። ለጭቃ የቆየ ውሃ ምንም አይለውም።

ከቨርጂንያ፦ ሮቶውን እንችላለን። ስንት ሊትር?

ጭቃ ሹም፦ ባለ 5,000። ድንጋይ መደብ ላይ ይቀመጥ፣ ቧንቧው ጄሪካን እንዲያስገባ።

እማማ ዘንድ ያለሁት፦ የቧንቧው ቁልፍ ማን ጋ ይሆናል?

ጭቃ ሹም፦ አንቺ ጋ ይሁን።

እማማ ዘንድ ያለሁት፦ በጽሑፍ፣ በማኅተም።