የበልግ ተመላሽ ወፎች በሙሻና በማስካሊ ደሴቶች፦ የድሬና የሐረር ወፍ ወዳጆች ጥያቄና መልስ

እሺ፣ ጠይቁኝ፤ የምጠራችሁ በየሰፈራችሁ ስም ነው። ጉዳያችን ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ወደ ሰሜን የሚመለሱት ወፎች ናቸው፤ ቦታው ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት ያሉት ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች። በምድር ባቡር ስሠራ መስመሩን አውቀዋለሁ፣ ደሴቶቹንም ያኔ ነው የለመድኳቸው። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ያረፈ ወፍ አታስነሱ። ወደቡ አካባቢ ካሜራም መነጽርም ከቦርሳ አታውጡ፤ በከተማዋ የበርካታ አገሮች ጦር ሰፍሯል።

ከዚራ፦ ጋሼ፣ መቼ ብንሄድ ይሻላል?

ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ። ቀኑን ግን ባሕሩ ነው የሚመርጥልህ። ውኃው ሲጎድል ወፎቹ በሰፊው ጭቃና ድንጋይ ላይ ተበትነው ይበላሉ፤ በጥሩ መነጽር እንኳ ነጥብ ብቻ ነው የምታየው። ሲሞላ ደግሞ መሬቱ እየጠበበ ወደ አንተ ይገፋቸዋል። ስለዚህ ሙላቱ ጫፍ ከመድረሱ ሁለት ሰዓት ቀድመህ፣ ፀሐይን ከጀርባህ አድርገህ ተቀመጥ፣ አትነሣ። አንተ አትከተላቸው፣ እነሱ ይመጡልሃል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ የሙላቱና የጉድለቱ ልዩነት ትልቅ ስለሚሆን ያን ሰሞን ብትሄድ ይበልጥ ታያለህ።

በልግን የምወደው ለሌላ ምክንያት ነው። በመስከረም የሚመጡት የባሕር ዳር ወፎች ግራጫ ለብሰው ነው፤ አንዷን ከሌላዋ መለየት ጭንቅ ነው። ሲመለሱ ግን የሠርግ ልብሳቸውን መልበስ ጀምረዋል። ምንቃሯ ወደ ታች የጎበጠችው ከርሊው ሳንድፓይፐር በኅዳር አመድ የመሰለች ነበረች፤ በሚያዝያ ከአንገቷ እስከ ሆዷ ሸክላ ቀለም ትሆናለች። ጫጩት የምትፈለፍለው ሳይቤሪያ ሰሜን ጫፍ፣ በረዶው ሲቀልጥ ነው። 60 ግራም ገደማ የምትመዝን ወፍ ያን ሁሉ መንገድ የምትሄደው እዚህ ባጠራቀመችው ስብ ነው። ለፎቶ ብለህ ባስነሣሃት ቁጥር ያን ስብ ታቃጥላለች። አታስነሡ የምለው ለዚህ ነው።

ሳቢያን፦ እኔ ባለፈው አንድ ቡናማ ወፍ አይቼ ነበር። ምን ትሆን?

የት? ስንት ሰዓት? እግሯ ረጅም ነው አጭር? ምንቃሯስ? ቡናማ ወፍ ብሎ ጥያቄ የለም።

ለገሃር፦ ንስሮች በሺህ የሚሻገሩት እዚያ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። በመጋቢት እናያለን?

ይህን ሁሉም ያምታታዋል። ትልቁ የንስር መሻገሪያ ደሴቶቹ ጋ ሳይሆን ወደ ሰሜን ርቆ ባብ ኤል ማንደብ ነው፣ የመንንና ጅቡቲን የሚለየው ጠባብ የባሕር በር፤ ወቅቱም መኸር ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሲቆጠሩ ከ240,000 በላይ አዳኝ ወፎች ከየመን ወደ ጅቡቲ ሲሻገሩ ታይተዋል፤ አብዛኞቹ የስቴፕ ንስርና ባዛርድ የሚባለው ሰፊ ክንፍ ያለው አዳኝ ወፍ ነበሩ። ንስር ክንፉን እያርገበገበ ረጅም መንገድ አይሄድም፤ ከጋለ መሬት በሚነሣ ሞቃት አየር ተሽከርክሮ ይወጣና ከዚያ ይንሸራተታል። ባሕር ላይ ያ አየር ደካማ ስለሆነ ጠባቡን ቦታ ይፈልጋል። በበልግ ሲመለስ ግን የስቴፕ ንስር አብዛኛው በሱዳንና በግብፅ ዞሮ በስዊዝ በኩል ያልፋል፤ መሄጃና መመለሻው አንድ አይደለም። ስለዚህ በመጋቢት ለንስር ብለህ ጅቡቲ አትሂድ። እዚሁ ድሬ፣ መሬቱ ከጋለ በኋላ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ቀና በል።

ጀጎል፦ የእኛ የሥጋ ገበያ ጭልፊቶችስ ከዚያ ነው የሚመጡት?

ምንቃሩ ቢጫ ከሆነ የአፍሪካ ነው። ጥቁር ምንቃር ያለው ትልቅ ጭልፊት በበጋ ካየህ የሰሜን እንግዳ ሊሆን ይችላል።

ገንደ ቆሬ፦ ወላሂ እነሱን ሥጋ እያበሉ ልጅ ያስቧጭራሉ!

ጀጎል፦ አቦ ተወን፣ ከጥንት የኖረ ነው። እንግዳው ይደሰታል፣ ጭልፊቱም ይበላል።

ገንደ ቆሬ፦ ጅቡንም እንዲሁ ነው የምትሉት። ከሰው እጅ የለመደ አውሬ መጨረሻው...

ጀጎል፦ ጅቡን አታምጣ! ጅብ ከሐረር ጋር ስንት ዘመን ኖሯል?

የጅቡን ነገር ለሌላ ቀን አቆዩት። ጥያቄ ያለው?

ሳቢያን፦ ቪዛና የጀልባ ዋጋ ስንት ነው?

ቪዛውን ኢሚግሬሽን ጠይቅ፣ የጀልባውን እዚያው ተከራከር። ባቡሩ የሚያወርድህ ናጋድ ጣቢያ ነው።

መጋላ፦ ድሮን ብናስነሣስ? ከላይ ያምራል።

አይሆንም! ሙላት ላይ ወፎቹ የሚያርፉበት ደረቅ አሸዋ ትንሽ ነው፤ ከላይ አንድ ነገር ሲያንዣብብ ጭልፊት መስሏቸው ሁሉም ይነሣሉ፣ የሚያርፉበት ሌላ ቦታ የላቸውም። ደግሞ ጦር በሰፈረበት ከተማ ፊት ድሮን!

ሐረማያ፦ ጋሼ፣ ፓስፖርት የሌለን ምን እናድርግ?

ሐረማያ ነህ፣ ሐይቁ ደጅህ ነው! በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ደርቆ ከብት የዋለበት ሐይቅ ውኃው ተመልሷል። ለከተማ መጠጥና ለጫት መስኖ ውኃው ሲሳብ፣ ከተራቆተው ተራራ ደለል ሲገባበት ነው የጠፋው፤ ያ ሁሉ ዛሬም ሊደገም ይችላል። በመጋቢት ጠዋት ጥልቀት የሌለውን ዳር ተመልከት፤ ማንኪያ አፍ ዳክዬ እዚህ ከርማ ወደ ሰሜን የምትመለሰው ያኔ ነው። ያየኸውን ከነቀኑ ጻፍ። ወፉ ሐይቁ መመለሱን አውቆ ከመጣ፣ ያን የሚመዘግብ የአገር ልጅ ያስፈልጋል። አንተ ካልጻፍክ ማን ይጻፍ? ያረፈውንም አታስነሣ።

መጋላ፦ እና መቼ ነው መሄድ ያለብን?

ከላይ መልሻለሁ።

ደቻቱ፦ ጋሼ፣ አምና ጅቡቲ ባሕር ዳር፣ ውኃው ሲጎድል፣ ነጭ ወፍ አየሁ። ጀርባዋ ላይ ጥቁር አለ፣ እግሯ ረጅም ግራጫ፣ ምንቃሯ ጥቁርና እንደ ጩቤ ወፍራም። እየሮጠች ቆም ትላለች። ሸርጣን ይዛ ነበር።

ተባረኪ፣ እንዲህ ነው ጥያቄ! ክራብ ፕሎቨር ናት፤ ምግቧ ሸርጣን ስለሆነ ነው ምንቃሯ የከበደው። በባሕር ዳር ከሚሮጡት ወፎች ሁሉ አሸዋ ውስጥ ዋሻ ቆፍራ የምትፈለፍል እሷ ብቻ ናት። አንድ ነጭ እንቁላል ትጥላለች፤ የአሸዋው ሙቀት ያግዛታል። ከሚያዝያ ጀምሮ በማንኛውም ደሴት አሸዋ ላይ ተጠጋግተው የተቆፈሩ ጉድጓዶች ካየሽ ዙሪያውን ዞረሽ እለፊ፤ ከላይ ከተራመድሽበት ጣሪያው ይናዳል። ጀልባው ላይ አብረውሽ ላሉትም ሳይወርዱ ንገሪያቸው።